ከዘንባባዋ ሥር ያለችው ሴት

አክስቴ ከእስራኤል ለእረፍት መጥታ ስትመለስ አንድ የአሥር ሼቅል ሳንቲም ጠረጴዛዬ ላይ ረስታ ሄደች። ዙሪያዋ ነጭ፣ መሐሏ ወርቅማ ነው። መሐሏ ላይ ሰባት ዘንጥፍ ያላት ዘንባባ ቆማለች፤ በግራና በቀኟ ተምር የሞላባቸው ሁለት ቅርጫቶች አሉ። ስብሰባ ላይ ካሜራዬን አጥፍቼ ሳገላብጣት ከረምኩ። አንድ ሌሊት ታዲያ የወደቀ ሰርቨር እስኪነሣ እየጠበቅሁ "ቆይ ግን፣ ይቺ ዛፍ ከየት መጣች?" ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ሰርቨሩ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተነሣ። እኔ ግን እስኪነጋ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ዛፏ የመጣችው ከነሐስ ነው። ይህ የአሥር ሼቅል ሳንቲም በ1995 ሲወጣ ንድፉ የተወሰደው በሮም ላይ ያመፁ አይሁድ በ69/70 ኢየሩሳሌም ውስጥ ካተሙት የነሐስ ሳንቲም ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያቺው ዘንባባ፣ እነዚያው ሁለት ቅርጫቶች፣ ያው "ለጽዮን ቤዛነት" የሚል ጽሑፍ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ "አሮጌ ሳንቲም አዲስ ሳንቲም ወለደ" ብዬ እተኛ ነበር። ግን ትንሽ ዝቅ ስል ሌላ ነሐስ አገኘሁ። ይሄኛው ሮም ውስጥ በ71 የታተመ ነው፤ ከአማፅያኑ ሳንቲም ቢርቅ አንድ ወይ ሁለት ዓመት ነው። ዘንባባዋ አሁንም አለች። ከሥሯ ግን አንዲት ሴት ተቀምጣ ታለቅሳለች።

የምጽፈው ስለዚህች ሴት ነው።

ሳንቲሙ ሴስተርስየስ ይባላል። ስፋቱ ወደ 33 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 25 ግራም ነው፤ ከእኛ የአንድ ብር ሳንቲም አጠገብ ቢቀመጥ ታላቅ ወንድሙ ይመስላል። ሰብሳቢዎች "የሮማ ነሐስ" ከሚሉት ወገን ይመድቡታል እንጂ በትክክል ከሄድን የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ከማተሚያው ሲወጣ እንደ ወርቅ ቢጫ ነበር። ዛሬ በሙዚየም ፎቶ የምናየው ቡኒና አረንጓዴ ዘመን ያለበሰው ቀለም ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ስናያት ኀዘኗ ከቀለሙ ጋር የሚሄድ ይመስለናል፤ የዚያ ዘመን ሰው ያያት ሴት ግን እያብረቀረቀች ነበር የምታለቅሰው።

ለምን ነሐሱ ላይ አተኮርክ ትሉኝ ይሆናል፤ በወርቁና በብሩ ላይም ይሁዳ አለች። ግን ዲናሩ ላይ ቦታ የለም፤ ስፋቱ የሴስተርስየሱን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለትንሽ ስክሪን የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ቦታ ሲጠብ ታሪኩ ይወጣል፣ ምልክቱ ይቀራል። ሴስተርስየሱ ላይ ግን ትዕይንት ይገባል። ኔሮ የኦስትያን ወደብ ከነመርከቦቹ፣ ቲቶ ኮሎሲየምን ከነተመልካቹ ያስቀረጹት በዚህ ሰፊ ቢጫ ሜዳ ላይ ነው።

ልጆች ሆነን ሳንቲም ስንወረውር "ዘውድ ወይስ ጎፈር?" እንል የለ? እዚህም ዘውዱ በኩል ቬስፓስያን አለ፦ ወፍራም አንገት፣ የተሸበሸበ ግንባር፣ የሎረል ጉንጉን። በወንጌል ስለ ቄሣር መልክ የተነሣውን ጥያቄ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ ሳንቲም ዲናር ነበር፤ ጥያቄውም ስለ ዘውዱ ነበር። ስለ ጎፈሩ የጠየቀ የለም። እኔ የሮማን ነሐስ ከጎፈሩ በኩል ማንበብ ነው የሚቀናኝ። ዘውዱ ማን እንደሚገዛችሁ ይነግራችኋል፤ ጎፈሩ ደግሞ ገዢው ምን እንድታምኑለት እንደሚፈልግ።

ጎፈሩ ይኸውላችሁ። መሐል ላይ ዘንባባ። በግራ ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ልብስ ለብሶ ቆሟል፤ ጦር ይዟል፣ አንድ እግሩን ራስ ቁር ላይ አሳርፏል። በቀኝ ሴትየዋ ተቀምጣለች፤ ራሷን እጇ ላይ ጥላለች። ዙሪያውን በላቲን "ዩዳያ ካፕታ" ይላል፤ ይሁዳ ተያዘች። ከሥር "በሴኔቱ ውሳኔ" የሚለውን የሚያሳጥሩ ሁለት ፊደላት አሉ። ሌላም ዓይነት አለ፤ በንጉሡ ፋንታ እጁን የኋሊት የታሰረ ምርኮኛ ቆሞበታል።

እንደ ሥዕል ብቻ ከፈረድነው ድንቅ ሥራ ነው። የቀረጸው ሰው ስም የለውም። በብረት ላይ፣ ወደ ውስጥ፣ ግራና ቀኙን ገልብጦ፣ በእጁ ነው የሠራው። ከሁሉ በላይ የያዘኝ አንድ ነገር አለ፦ ሴትየዋ ንጉሡን አታየውም። ጀርባዋን ሰጥታዋለች። እሱ ወደ እሷ ያያል፣ እሷ ወደ ሳንቲሙ ጠርዝ። ዛፏ በመሐላቸው እንደ ግድግዳ ቆማለች። ልመና የለም፣ እግር መሳም የለም። ድል አድራጊው በዚያ ሁሉ ግርማ ቆሞ ሳለ እሷ ስለሱ እያሰበች አይደለም። ምርኮኛን እንዲህ አስቀምጦ መቅረጽ ለሮማ ቀራጮች የተለመደ ነበር። ቢሆንም ዓይናችሁን ተከታተሉት፤ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቆመው ነው፣ የሚቀረው ግን ከተቀመጠችው ጋር ነው።

ጽሑፉ ግን ይዋሻል። ይሁዳ በ71 "የተያዘች" አገር አልነበረችም። ቀዳማዊ አግሪጳ ከነገሠባቸው ጥቂት ዓመታት በቀር ከ6 ዓ.ም. ጀምሮ በሮማ ሹማምንት ስትተዳደር የኖረች ግዛት ናት። በ66 አመፀች፣ በ70 ኢየሩሳሌም ወደቀች፣ ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ። አውግስጦስ ግብፅን ሲጠቀልል "ግብፅ ተያዘች" ብሎ ሳንቲም አሳትሟል፤ እሱስ ይሁን፣ አዲስ አገር ነው የያዘው። ቬስፓስያን ያንኑ ቃል ተውሶ በራሱ ግዛት ለተነሣ አመፅ ተጠቀመበት። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። በ69 አንድ ዓመት ውስጥ አራት ሰዎች ዙፋኑ ላይ ተፈራርቀዋል፤ አራተኛው እሱ ነው። ከታላላቆቹ የሮም ቤተሰቦች አልተወለደም። ዙፋኑን ያስገኘለት ጦርነት ሮማዊ ሮማዊን የገደለበት ነው። ያንን ማን ሳንቲም ላይ ያወጣል? ስለዚህ የባዕድ ድል አስፈለገው፤ ይሁዳ ባዕድ ሆና፣ ሴት ሆና፣ ከዛፍ ሥር ተቀመጠችለት።

ይህን ሥራ እኔም አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ የብድር አፕ ላይ እሠራ ነበር። የመክፈያ ቀኑ ያለፈበት ሰው ሲገባ የሚያየው ገጽ ነበረ፤ ዲዛይነሩ እዚያ ላይ አንገቷን የደፋች ሴት ሣለ፤ ነጠላ ለብሳ፣ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ተቀምጣለች። ቆንጆ ሥዕል ነበር፣ አልዋሽም። ወደ ኮዱ ያስገባኋት እኔ ነኝ። መጠኗን አስተካከልኩ፣ በትናንሽ ስልኮች ላይ እንዳትቆረጥ ሞከርኩ፣ ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ። "ይቺ ሴት ማን ናት? እዚህ ምን ታደርጋለች?" ያለ የለም፤ እኔም አላልኩም። የቬስፓስያንን ሳንቲም ያየሁ ሌሊት መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ነበረች።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳወራለት ሳቀብኝ። "መቶ ብር ላይ ምን እንዳለ ሳታይ ንገረኝ እስቲ" አለኝ። ተንተባተብኩ። "አየህ? ማንም አያይም። ያኔም አላዩም።" ይህን የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ፤ ሰው ሳንቲም ሲቀበል ዋጋውን እንጂ ሥዕሉን አያይም ይላሉ። ግን ይታይ ነበር። ካሊጉላ ከተገደለ በኋላ የሮም ሴኔት የእሱ መልክ ያለበት ነሐስ እንዲቀልጥ ወስኗል። ጎል ውስጥ በኔሮ ላይ የተነሡት አማፅያን በ68 የኔሮ ሳንቲሞች ላይ "የሮማ ሴኔትና ሕዝብ" የሚሉትን አራት ፊደላት መትተውበታል። ፈላስፋው ኤፒክቴተስ ስለ ሰው ባሕርይ ሲያስተምር፣ የትራያንን ሴስተርስየስ የሚቀበልና የኔሮን የሚመልስ ሰው ምሳሌ አድርጎ አንሥቷል። ተማሪዎቹ ነገሩ ባይገባቸው ኖሮ ምሳሌው ምን ይረባው ነበር?

ባልደረባዬ ግን ሞኝ አይደለም፤ እነዚህ ሁሉ የዘውዱ ማስረጃ ናቸው። የጎፈሩ ማስረጃ ከ25 ዓመት በኋላ ነው የመጣው። እሱን ለመረዳት መጀመሪያ ወደ ግብሩ መሄድ አለብን።

ቬስፓስያን በምስሉ ብቻ አላበቃም። ከጦርነቱ በፊት ለአካለ መጠን የደረሰ አይሁዳዊ ወንድ ለኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በየዓመቱ ግማሽ ሰቅል ይከፍል ነበር። ቤተ መቅደሱ ሲቃጠል ንጉሡ ክፍያውን አላስቀረም፤ ተቀባዩን ቀየረ። በግዛቱ ውስጥ የትም ያለ አይሁዳዊ፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ በዓመት ሁለት ዲናር ለሮማው ዩፒተር ይክፈል ተባለ። ሁለት ዲናር ሲመነዘር 8 ሴስተርስየስ ነው። አንዲት አይሁዳዊት ግብሯን በእነዚህ ነሐሶች ብትከፍል ራሷን ስምንት ጊዜ ቆጥራ ታስረክባለች ማለት ነው።

የቬስፓስያን ትንሹ ልጅ ዶሚትያን ሲነግሥ አሰባሰቡ ከፋ። ማንነታቸውን የሸሸጉ የተባሉ እየተጠቆሙ ይከሰሱ ጀመር። ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ ወጣት ሳለ በዓይኑ ያየውን መዝግቧል፦ የተገረዘ መሆኑ እንዲታይ በተጨናነቀ ችሎት ፊት ልብሱን ያስወለቁት የዘጠና ዓመት ሽማግሌ። ይህን ሳነብ ላፕቶፔን ዘግቼ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ።

በ96 ዶሚትያን ተገደለ፤ ኔርቫ ነገሠ። ኔርቫም አንድ ሴስተርስየስ አሳተመ። ጽሑፉ በግርድፉ "በአይሁድ ግብር ስም የሚደረገው የሐሰት ክስ ተወገደ" ይላል። ምስሉ ደግሞ ዘንባባዋ ናት። ብቻዋን። ወታደር የለም፣ ሴትም የለችም። ሁለት ፊደላት በግራና በቀኝ፣ መሐል ላይ ዛፍ፣ በቃ። የባልደረባዬ መልስ ይሄ ነው፦ ይህ ሳንቲም የሚገባው የፊተኛውን ለሚያስታውስ ሰው ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ ሰው፣ ሕዝቡ ዛፏን አይቶ "የታለች ያቺ ሴት?" እንደሚል እርግጠኛ ነበር።

ከሮማ ነሐሶች ሁሉ በዓይኔ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። ዝም ይላል። ሌሎቹ በጽሑፍ፣ በጦር፣ በአማልክት ተጨናንቀው ሳሉ ይሄኛው ባዶ ቦታውን አልፈራም። ለብዙ ቀናት የስልኬ መክፈቻ ምስል አድርጌው ነበር።

ከዚያ ጽሑፉን እንደገና አነበብኩት። ተወገደ የሚለው የሐሰት ክሱን ነው። ግብሩ አልተወገደም። ሁለቱ ዲናር ከኔርቫም በኋላ መከፈሉ ቀጥሏል። ኔርቫ ያነሣው ውርደቱን ነው፤ ይህን አላቃልልም፣ ለዚያ ሽማግሌ ልብስ አለመውለቅ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሴትየዋን ከሥዕሉ ሲያስነሣት ሸክሟን ይዛ ነው የተነሣችው። እዚህ ላይ ወደ አፑ መመለሴ ግድ ነው። አንድ ተጠቃሚ ስለዚያ ሥዕል ቅሬታ ጻፈች፤ "ድሀ መሆኔን ለማሳወቅ ሥዕል አያስፈልገኝም" የሚል ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ሴትየዋን አወጣናት፤ በምትኳ ትንሽ የቀን መቁጠሪያ ምልክት አስገባን። ገጹ ጸዳ። ሁላችንም ደስ አለን፤ እንዲያውም በቡድናችን ስብሰባ ላይ ተጨበጨበ። የቅጣት ወለዱ ግን እንደነበረ ነበር። እሱን የሚያሰላውን ኮድ ማንም አልነካም። እኔም።

ከስልኬ መክፈቻ ላይ ሳንቲሙን ያነሣሁት በዚያው ሳምንት ነው።

ዛፏ ግን ገና አልጨረሰችም። በ132 ባር ኮክባ የተባለው ሺምዖን የመራው ሁለተኛው ታላቅ አመፅ ተነሣ። አማፅያኑ የራሳቸውን ሳንቲም ፈለጉ፤ ጥሬው ብረት ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ በአካባቢው የሚዘዋወረውን ሳንቲም፣ ብሩንም ነሐሱንም፣ ወሰዱ። ነሐሱን በሞረድ ፋቁት፣ ቀጠቀጡት፣ ከዚያ የራሳቸውን ማተሚያ መቱበት። ከነሐሶቹ በአንደኛው ዓይነት ላይ የወጣው ምንድነው? ሰባት ዘንጥፍ ያላት ዘንባባ፣ ከሥሯ "ሺምዖን" የሚል ስም። ጀርባው ላይ የወይን ቅጠልና "ለኢየሩሳሌም ነፃነት" የሚል ጽሑፍ፤ ያውም በዚያ ዘመን ለዕለት ጽሕፈት መዋሉ በቀረ ጥንታዊ የዕብራይስጥ ፊደል።

ሥራው ሻካራ ነው። መሐሉን የሳተ አለ፣ ጠርዙ የተቀደደ አለ። በአንዳንዱ ላይ ፋቂው ስላልጨረሰ ከዘንባባዋ ሥር የጋዛ ከተማ ሳንቲም ፊደላት ይታያሉ፤ በሌላው የአንድ ንጉሥ አገጭ። በእኛ ሥራ አንድን ፋይል በሌላ ፋይል ላይ ስንጽፍ የፊተኛው ይጠፋል ብለን እናስባለን፤ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፣ ከሥር ይኖራል። እነዚህ ሳንቲሞች ያንን በእጅ የሚዳሰስ አድርገውታል። ስለ ጥራት ከሆነ የቬስፓስያኑ ያሸንፋል፣ ምንም አያከራክርም። ግን የቬስፓስያኑን ቀራጭ ማንም አያስቸኩለውም ነበር። እዚህ ያለው እጅ ጊዜ እንደሌለው ያውቃል። በ135 ሁሉም ነገር አለቀ፤ አመፁ በብዙ ደም ተደመሰሰ፣ የግዛቲቱም ስም "ይሁዳ" መባሉ ቀርቶ "ሶርያ ፍልስጥኤም" ተባለ። በ71 ተያዘች ተብሎ የተጻፈው ስም ራሱ ከመዝገብ ወጣ።

ባር ኮክባዎችን የምወቅስበት አንድ ነገር ግን አለኝ፣ ወቀሳ ከተባለ። ዛፏን አስመለሱ፤ ሴትየዋን አላስመለሱም። የራሳቸው እናት፣ እህት፣ ሚስት ሆና ሳለ፣ ስሟን በሺምዖን ስም ተኩ። ምናልባት ማየቱ ስለከበዳቸው ይሆናል፤ የተሸነፈበትን ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል የለም። እስራኤል በ1958 አሥረኛ ዓመቷን ስታከብር ያወጣችው ሜዳልያ ይህን ክፍተት ለመሙላት ሞክሯል፦ በአንደኛው ገጽ የቬስፓስያን ሳንቲም ተቀድቷል፤ በሌላው ሴት ሕፃን ወደ ላይ አንሥታ ይዛለች፣ ወንዱ ችግኝ ይተክላል። መልስ ነው፣ ልብም ይነካል። ነገር ግን መልሱ እንዲገባ ጥያቄውን አብሮ ማተም አስፈለገው፤ ሴትየዋ ለመቆም አሁንም ቬስፓስያን ከጀርባዋ ያስፈልጋታል። እና አሁንም የአገር ምልክት ናት እንጂ ሰው አይደለችም።

ሰው የምትሆንበትን ያገኘሁት በተበሉት ሳንቲሞች ላይ ነው። ሴስተርስየስ ለትውልዶች ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። ሳንቲም ሲታሽ መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ብሎ የተቀረጸው ነው፤ የንጉሡ አፍንጫ፣ የዛፏ ግንድ፣ የሴትየዋ ራስና ትከሻ። በሙዚየሞች የኢንተርኔት መዝገብ ውስጥ ብዙ የተበሉ አሉ፤ ማንም አይጋብዛቸውም፣ በጨረታ ገጾች ዋጋ የሚያወጣው ፊቷ ጥርት ብሎ የሚታየው ነው። (ኀዘኗ በጠራ ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል፤ ይህን ካወቅሁ ወዲህ የጨረታ ገጽ ማየት ያስጠላኛል።) ከተበሉት ባንዱ ላይ ጽሑፉ ጠፍቷል። "ተያዘች" የሚል የለም። ጦሩም፣ ራስ ቁሩም የለም። የቀረው ዛፍና ከሥሯ ያለ ጉብታ ነው። ማን እንደሆነች ያልተነገረው ሰው ቢያያት፣ ጥላ ፈልጋ አረፍ ያለች ሴት ናት ይላል። ያን ያደረገው የአንድ ሰው እጅ አይደለም፤ እንጀራውን የገዛበት፣ ደመወዙን የተቀበለበት፣ ግብሩን የከፈለበት የብዙ ሺህ ሰው አውራ ጣት ነው።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ደወለች። "አሥር ሼቅልሽ እኮ እኔ ጋ ናት" አልኳት፤ ከዚያ ይህን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ አማፅያኑን፣ ቬስፓስያንን፣ ግብሩን፣ ሞረዱን። ዝም ብላ ሰማችኝ። በጀርባዋ የዕቃ ድምፅ ይሰማል፤ ምሳ እየሠራች ነው።

"እኔ ተምር ብቻ መስሎኝ!" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እና ሴትየዋን አንሥተው ዛፉን ለእኛ ላኩት በለኛ።"

"እንደዚያ ነው መሰለኝ።"

"ማን አነሣት? ራሷ ተነሥታ ነው ወይስ አነሷት?"

መልስ አልነበረኝም። ወጥ አረረብኝ ብላ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ "ሳንቲሜን ግን እንዳትበላ፤ ስመጣ እወስዳታለሁ" አለችኝ።